ቡስት ከመጨመር በፊት ጌጅ መግጠም

ቱርቦ ያለው መኪና ዳገት ላይ ሲደክም ብዙ ሰው ወዲያው ቡስት ማስጨመር ያምረዋል። ቡስት ማለት ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። ግን አሁን ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ምን ላይ ይጨመራል? መጀመሪያ ጌጅ፣ ማለትም የቡስት መለኪያ፣ ይግባ።

የምጽፈው ስለ ድሮ ናፍጣ፣ ፖምፓው (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው) መካኒካል ስለሆነው ነው። 1ኤችዲ-ቲ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር 80 ጥሩ ምሳሌ ነው። ዲ-ፎር-ዲ (አዲሱ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር) ካላችሁ ቱርቦውን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ስለሆነ በቁልፍ አትነካኩት። ቤንዚን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያለ ኮምፒውተር ማስተካከያ ቡስት ሲጨመርበት ያንኳኳል፣ ፒስተንም ይበላል።

እስከ 2 ባር የሚያነብ መካኒካል ጌጅ ይበቃል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ወደ ፖምፓው ራስ የምትሄድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች። እሷን መሃል ላይ ቆርጣችሁ ቲ (ባለ ሦስት ጫፍ መጋጠሚያ) አስገቡ፤ ሦስተኛው ጫፍ ወደ ጌጁ ይሄዳል። ሁሉንም ጫፍ በፋሸታ እሰሩ። ፖምፓው ስንት ናፍጣ እንደሚጨምር የሚያውቀው በዚህች ቱቦ ስለሆነ፣ ትንሽ ካስተነፈሰች መኪናው ከበፊቱ ይብስበታል።

ወደ ዌስትጌቱ (ቡስቱ ሲበዛ ጭሱን በቱርቦው ጎን የሚያሳልፈው በር) የምትሄደውን ቱቦ ግን ለጌጅ ብላችሁ አትቁረጡ። እሷ ከወለቀች ቱርቦውን የሚያቆመው ነገር የለም።

የጌጁን ቱቦ ከጭስ ማውጫው አርቁት። ወደ ውስጥ ስታስገቡት ሽቦዎቹ በሚያልፉበት የጎማ ቀዳዳ አሳልፉት፤ ባዶ ላሜራ በጊዜ ብዛት ይቆርጠዋል። የጌጁን አምፖል ከዳሽቦርዱ መብራት ጋር በፊውዝ አገናኙ። አለቀ።

አሁን ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ዳገት ፈልጉ። እንጦጦ ቅርብ ለሆነ ሰው ምቹ ነው። በ3ኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ርገጡ፤ ጌጁን አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ያንብብ። እንዲህ ያለ የድሮ ናፍጣ ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.7 ባር ያሳያል። ከዚያ በታች ከሆነ ቡስት አትጨምሩ፤ የሚያፈስ ወይም የታፈነ ቦታ ፈልጉ። የላላ ፋሸታ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የታፈነ የአየር ፊልትሮ። መጋጠሚያው ዘይት ከለበሰ ወይም ሲረገጥ የሚያፏጭ ከሆነ እዚያው ነው። የብዙ መኪና ድካም እዚህ ላይ ያበቃል፣ ወጪውም የፋሸታ ዋጋ ነው።

ደግሞ ከፍታውን አትርሱ። ጌጁ የሚያሳየው በዙሪያችን ካለው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 0.77 ያህል። ስለዚህ ጌጁ 0.7 ሲል ሞተሩ እዚህ የሚያገኘው በድምሩ 1.47 ነው፣ ጅቡቲ ላይ ግን 1.7። ያንኑ 0.7 ለመድረስም ቱርቦው እዚህ የበለጠ ይሽከረከራል። አዲስ አበባ ላይ ጨምራችሁ ወደ ቆላ የምትወርዱ ሰዎች ይህን ሒሳብ ያዙት።

ካልቀረ፣ መጨመሪያው የዌስትጌቱ ዘንግ ነው። የጫፏን መቆለፊያ አውልቁ፣ ዳዶውን አላሉ፣ ዘንጉ እንዲያጥር ጫፉን አንድ ዙር ብቻ አዙሩ። መልሳችሁ ስትሰኩት ትንሽ መሳብ አለበት። ዳዶውን አጥብቁና ዳገቱን እንደገና ውጡ። እንዲህ እያላችሁ ከ0.8 እስከ 0.9 ላይ አቁሙ፤ ፋብሪካው ለሰጠው ቱርቦ ከዚህ በላይ አልመክርም።

ናፍጣ ሞተር አየር ብቻ ቢጨመርለት ብዙም አይጎለብትም፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይረግባል። ጉልበቱ የሚመጣው ከፖምፓው ነው። እሱን ለማስነካት ግን የጭስ ሙቀት ጌጅም፣ ጭሱ ቱርቦው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሚያልፍበት ቦታ ላይ ይገጠም። ረጅም ዳገት ላይ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ነዳጁን ልቀቁ፣ ማርሽ ቀንሱ፤ ጋራዥ ስትመለሱ ናፍጣ የሚጨመርበት የፖምፓው ብሎን ወደ ኋላ ይመለስ።