የሱቅ ኪራዬ ቀን ለምን ይንሸራተት ነበር?

ፈረንጅ አራዳ ያለችው ሱቄ ኪራይ የሚከፈለው ወር በገባ በ5 ነው። መስከረም 5፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15፣ ቶዱኢስት በሚባለው የሥራ ማስታወሻ አፕ ላይ «በየወሩ ይደገም» ብዬ አስገባሁና እፎይ አልኩ።

ጥቅምት ላይ ልክ ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ዘገየ፤ ልብ አላልኩትም። የካቲት ላይ ስልኬ ሲያስታውሰኝ ቀኑ 8 ሆኗል። አከራዬ ቀድመውኝ መጡ። «ልጄ፣ ዘንድሮ ወሩ ረዘመብህ እንዴ?» አሉኝ፤ አፈርኩ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። አፑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው፤ እዚያ ወሩ አንዴ 30፣ አንዴ 31፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ወይም 29 ነው። የእኛ ወር ግን ከጳጉሜን በቀር ሁሌም 30 ነው።

ስለዚህ «በየወሩ» የሚለውን ሰርዤ «ኤቭሪ 30 ዴይስ» (every 30 days፣ በየ30 ቀኑ) ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከ«ኤቭሪ» ቀጥሎ ቃለ አጋኖ (every!) ከገባ ቆጠራው የሚጀምረው ሥራውን ጨርሳችሁ ምልክት ካደረጋችሁበት ቀን ነው። ሁለት ቀን ካረፈዳችሁ የሚቀጥለውም በሁለት ቀን ይገፋል። ለኪራይ አይሆንም። ለጀነሬተር ዘይት ቅያሪ ግን ግሩም ነው፤ እኔም ለዚያ እጠቀምበታለሁ።

የቀረችው ጳጉሜን ናት። ከነሐሴ 5 በኋላ 30 ቀን ሲቆጠር ጳጉሜን 5 ላይ ያርፋል። እሱን በእጄ ወደ መስከረም 5 እገፋዋለሁ። ለዚህም ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሌላ ማስታወሻ አስቀምጫለሁ።

አከራዬ እስካሁን ዳግም አልመጡም።