ሞተር ጎጃም ሰማይ ላይ ቢጠፋ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሞተር ጠፋ ማለት አውሮፕላኑ እዚያው ዱብ ይላል ማለት አይደለም። እንደ ሴስና 172 ያለ ትንሽ አውሮፕላን ሞተሩ ቆሞም በየሺህ ጫማው ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ይንሳፈፋል። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ በሚሠራው ስህተት ነው።

አፍንጫውን ወደ ላይ መሳብ። ዝምታው ያስደነግጣል፤ እጅ ሳይታወቀው መሪውን ይስባል። ፍጥነቱ ያልቃል፣ ክንፉ መሸከም ያቆማል። መውደቅ ማለት ያኔ ነው። አፍንጫውን ዝቅ አድርገው ፍጥነቱን 65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር) ግድም ያቆዩት። የእርስዎ አውሮፕላን ትክክለኛ ቁጥር መመሪያው ላይ አለ።

የከፍታ መለኪያውን ማመን። ጎጃም ላይ ዋናው ይኼ ነው። ቆላ ሲበር የቆየን አብራሪ በቀላሉ ይሸውደዋል። መለኪያው የሚቆጥረው ከባሕር ወለል ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ራሷ 8 ሺህ ጫማ ገደማ ላይ ተቀምጣለች። መለኪያው 10 ሺህ ቢልም በእጅዎ ያለው 2 ሺህ ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ወደ ጮቄ ከተጠጉማ እሱም የለም። ከደጀን አልፈው ዓባይ በረሃ ላይ ከሆኑ ገደሉ ከፍታ ይጨምርልዎታል፤ ማረፊያ ግን ከየት ይምጣ? በደህና የሚደርሱ ከሆነ ወደ ደጋው ይዙሩ። «ለጥቂት እደርሳለሁ» ብሎ አፋፉን መሞከር ግን ከግድግዳው ጋር መላተም ነው።

ሌላም አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው 65 እያለ መሬቱ ከለመዱት በላይ ፈጥኖ ያልፋል። ዓይን «በጣም ፈጥኛለሁ» ይላል። ዓይንዎን ሰምተው ፍጥነት አይቀንሱ።

እርሻን ከላይ አይቶ መውደድ። ከሰማይ ሁሉም ማሳ ምንጣፍ ነው። ወረድ ሲሉ እርከኑ፣ ቦዩ፣ ዳር ዳሩን የቆመው ባሕር ዛፍ ብቅ ይላል። ክረምት ላይ ለጥ ያለው የጤፍ ማሳ በተለይ ያታልላል፤ ዋልካው ጎማ ይውጣል። የፊት ጎማው ከሰመጠ አውሮፕላኑ በአናቱ ይገለበጣል። ታጭዶ የደረቀ ማሳ ይሻላል፣ ክምሩን ከሳቱት። ተዳፋት ከሆነ ነፋሱ ካልበረታ ሽቅብ ይረፉ። አስፋልቱም ቢሆን አያጓጓዎት፦ ሽቦው ከላይ አይታይም፣ ምሰሶ ካዩ ግን አለ። ገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሰውና አህያ ነው።

ገና ተነስቶ መመለስ። ዝቅ ብለው ሳሉ ወደ ማኮብኮቢያው መዞር ያለችዎትን ከፍታ ይበላል። ፊት ለፊት፣ ቢበዛ ትንሽ ግራ ቀኝ።

ሬዲዮ ማስቀደም። መጀመሪያ ፍጥነት፣ ቀጥሎ ማረፊያ ቦታ፣ ከዚያ ነዳጁ በየትኛው ታንክ እንዳለ ማየትና ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ካለው ማሞቂያውን መክፈት። ጊዜ ከተረፈ በአደጋ ጊዜ የሬዲዮ መስመር፣ 121.5 ላይ ይጥሩ።

ነዳጁን ሳይዘጉ መሬት መንካት። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ ቦይንግ 737 እርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ። እሳት ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። አውሮፕላኑ ትልቅ ነበር፣ እሳቱ ግን ትንሹንም አይምርም። ማረፊያው እርግጥ ሲሆን ነዳጁን ይዝጉ፤ ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፈውን) ካወረዱ በኋላ ኤሌክትሪኩን ያጥፉ። ቀበቶውን ጠበቅ፣ በሩን ገርበብ ያድርጉ። ፍሬሙ ከተጣመመ በር አይከፈትም። ከወጡ በኋላ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ይራቁ፤ ሊያግዝ እየሮጠ የሚመጣውንም የአገሬውን ሰው ከአውሮፕላኑ አርቀው ያስቁሙት።