ለወላጅ የሚሆን ላፕቶፕ በመጠነኛ ዋጋ መምረጥ

ለእናት ወይም ለአባት ላፕቶፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው ከፕሮሰሰሩ (ከኮምፒውተሩ ዋና የማስሊያ ክፍል) ስምና ከዋጋው ነው። መጀመር የሚገባው ግን ወላጁ ዛሬ በስልካቸው ምን እንደሚሠሩና የቱ ላይ እንደሚቸገሩ በጥሞና በማየት ነው። ሲያነቡ ስልኩን ከዐይናቸው የሚያርቁ፣ በቪዲዮ ጥሪ ላይ ድምፁ አልሰማ የሚላቸው፣ ወይም አንድ ፊደል ሊነኩ ሲሉ ሌላውን የሚጫኑ ከሆነ፣ ገንዘቡ በቅድሚያ መዋል ያለበት በስክሪኑ፣ በስፒከሩና በኪቦርዱ ላይ ነው። ዜና ለማንበብ፣ ፎቶግራፍ ለማየት፣ ደብዳቤ ለመጻፍና ከልጆች ጋር ለመነጋገር ውድ ፕሮሰሰር የሚጨምረው ጥቅም እምብዛም አይደለም።

ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ 15.6 ኢንች ስክሪን ይመቻል፤ ይዘውት የሚዘዋወሩ ከሆነ ግን ቀለል የሚለው 14 ኢንች ይሻላል። ከስፋቱ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የምስሉ ጥራት ነው። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው 1366 በ768 ፒክስል የሆነ ስክሪን ፊደሉ ወደ 150 በመቶ ሲተልቅ ቦታ ስለሚያንሰው፣ «አስቀምጥ» ወይም «እሺ» የሚለው ቁልፍ ከግርጌው ወጥቶ ሊቀር ይችላል፤ ወላጁም የማያዩትን ቁልፍ መጫን ስለማይችሉ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ ግን ፊደሉ ተልቆም በቂ ቦታ ይተርፋል። አይፒኤስ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ከጎን ሲታይ ቀለሙ እምብዛም አይለወጥም፤ ይህንንም ክዳኑን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያዘነበሉ ማረጋገጥ ይቻላል። የመስኮት ብርሃን የማያንጸባርቅ ገጽ ቢኖረው ደግሞ ለደከመ ዐይን ትልቅ እፎይታ ነው።

ለእናቴ መጀመሪያ የገዛሁላት ላፕቶፕ አዲስና ርካሽ ነበር፤ ራሙ (የተከፈቱ ሥራዎችን ለጊዜው የሚይዘው ክፍል) 4 ጊጋባይት፣ ማከማቻው ደግሞ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዝግተኛ ዓይነት ሆኖ 64 ጊጋባይት ብቻ ይይዝ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን ናቸውና ሻጩ አልዋሸኝም፤ ነገር ግን ጥቂት ወራት ሳይቆይ ማከማቻው ሞላ፣ ማሻሻያዎቹም መጫን አቃታቸው፤ እናቴም ጥፋቱ የራሷ መስሏት መጠቀሙን ተወች። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ከ8 ጊጋባይት ራምና ከ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) በታች መውረድ አይገባም እላለሁ። በተለይ ኤስኤስዲው የግድ ነው፤ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለመነሣት ብዙ ያስጠብቃል።

አቅም ውስን ሲሆን ከሁሉ ርካሽ ከሆነው አዲስ ላፕቶፕ ይልቅ ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ፣ ያገለገለና የታደሰ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው። እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲውድና ኤችፒ ኤሊትቡክ ያሉት ኪቦርዳቸው ለጣት የሚመች፣ ማጠፊያቸው ጠንካራ፣ መለዋወጫቸውም በቀላሉ የሚገኝ ነው። ሆኖም «ኮር አይ5» የሚለው የፕሮሰሰር ስም ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ኢንቴል ይህን ስም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጠቀምበት ቆይቷልና። መታየት ያለበት ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 8250 ከሆነ የመጀመሪያው 8 ስምንተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) መሆኑን ያሳያል፣ 1135 ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች 11ኛ መሆኑን ያሳያሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። አጭበርባሪዎች አዘውትረው የሚያነጣጥሩት በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ነውና የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ላፕቶፕ ለወላጅ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ያገለገለ ሲገዛ ጊዜ ወስዶ መፈተሽ ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ፊደል ይጫኑ፣ ካሜራውንና ማይክሮፎኑን በእውነተኛ ጥሪ ይሞክሩ፣ ቻርጀሩ የራሱ መሆኑን ያረጋግጡ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ማውጣት ይችላል፤ ባትሪው ሲሠራ 50 ዋት ሰዓት ይይዝ የነበረ አሁን 30 ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ መጨመር አለበት። አጥፍተው ሲያስነሡት ከዊንዶውስ በፊት የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ወይም ከቀድሞው መሥሪያ ቤት አካውንት ጋር የተሳሰረ ላፕቶፕ ግን በምንም ዋጋ አይግዙ።

ሥራቸው ሁሉ በብራውዘር የሚያልቅ ከሆነ ክሮምቡክም (በዊንዶውስ ፈንታ በጉግል ሥርዓት የሚሠራ ላፕቶፕ) ይበቃል፤ ማሻሻያ የሚያገኝበትን የመጨረሻ ቀን ግን ከመግዛትዎ በፊት ይመልከቱ። ለዓመታት በሥራ ገበታቸው ዊንዶውስ የለመዱ ወላጅ ግን እርስዎ ሌላ ስለሚወዱ ብቻ ወደ ሌላ ሥርዓት እንዲዞሩ አያስገድዷቸው።

ከማስረከብዎ በፊት ፊደሉንና የማውሱን ቀስት ያተልቁ፣ የሚጽፉበትን ቋንቋ ኪቦርድ ይጫኑ፣ የአስተዳዳሪ መብት የሌለው አካውንት ይክፈቱላቸው፤ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ባለ ገመድ ማውስ ይጨምሩ። የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍም ላፕቶፑን በየቀኑ እንዲጠቀሙበት ያድርጉ፤ ከጎናቸው ተቀምጠው ማውሱን ለእርሳቸው ይተዉና እጃቸው የት ላይ እንደሚያመነታ ይመልከቱ። ስክሪኑን ለማየት አንገታቸውን የሚያስግጉ ከሆነ ወይም የእርስዎን ድምፅ ለመስማት ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ የሚያስጠጉ ከሆነ፣ መልሰው ሌላ ይለውጡ።