ጭረት ያለባቸው የእንግሊዝኛ ቅጽሎች ሲያደናቅፉ

ቅዳሜ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ወጣቶችን እንግሊዝኛ አለማምዳለሁ። ሁሌ የሚያደናቅፏቸው በጭረት የተያያዙት ቅጽሎች ናቸው።

ችግር፦ ጭረቷ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ

«ፓርት» ይሉና ትንፋሽ ወስደው «ታይም» ይላሉ። ምክንያቱ ጭረቷን እንደ ነጠላ ሰረዝ ማየት ነው። እሷ ግን ለዓይን ብቻ ናት።

የሚኒባስ ረዳት «ቱሉ ዲምቱ» ብሎ ሲጣራ መሃል ላይ ያርፋል? አያርፍም። እንደሱ ግጠሙት። «ፓርት-ታይም» ላይ ሁለት «ት» ስለተገናኙ የመጀመሪያውን አትልቀቁት፤ ምላሳችሁን ሳታነሱ አጥብቁት። በዓሉን «ገና» ስንል «ና»ን እንደምናጠብቀው ማለት ነው። ማጥበቅ ከእናታችን ቤት ይዘነው የመጣነው ሀብት ነው፤ እንጠቀምበት።

ችግር፦ ክፍለ ቃሉ ይበዛል

ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። አንዲት ተማሪዬ «ብሉ-አይድ»ን ጠረጴዛ እየመታች ስትቆጥር ሦስት ጊዜ መታች። «ብ»ን ለብቻዋ ቆጥራት ነበር። ቃሉ ግን ሁለት ክፍለ ቃል ነው።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ አፋችን ደግሞ አናባቢ መጨመር ይቀናዋል። መፍትሄው ከንፈር ገና ተዘግቶ ሳለ ምላስን ለ«ሉ» ቦታ ማስያዝ ነው። ከንፈር ሲከፈት ሁለቱ ድምፆች አብረው ይወጣሉ። ልጅቷ አምስት ስድስት ጊዜ ሞክራ ሁለቴ ብቻ መታች።

መጨረሻ ላይ ያሉት «ኢ» እና «ዲ» ፊደላትም ያሳስታሉ። አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ክፍለ ቃል የሚኖራቸው ከ«ት» ወይም ከ«ድ» ድምፅ ቀጥሎ ሲመጡ ነው። «ሾርት-ሳይትድ» ሦስት፣ «ኦፕን-ኤንድድ» አራት ይሆናል። «ኦልድ-ፋሽንድ» ግን ሦስት ብቻ ነው፦ ኦልድ፣ ፋ፣ ሽንድ። «ኤጅድ»ን ልብ በሉ፤ ለብቻው «ያረጀ ሰው» ለማለት ሲመጣ ሁለት ክፍለ ቃል ነው፣ «ሚድል-ኤጅድ» ውስጥ ሲገባ አንድ ይሆናል።

ችግር፦ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይነበባል

ዘፋኙ «ዌል-ኖውን» ነው ስትሉ ጫናው፣ ማለትም ጠንከር ተደርጎ የሚነገረው፣ «ኖውን» ላይ ይረፍ። ቅጽሉ ከስሙ በፊት ሲመጣ፣ «ዌል-ኖውን ሲንገር» ስትሉ፣ ጫናው ወደ «ዌል» ይሸሻል።

ሲቪ ስትጽፉ ደግሞ ቃሉ መስመር ካለቀበት ጭረቷ ላይ ቁረጡት እንጂ ሌላ ጭረት አትጨምሩ።