ሁለት መድኃኒት ላልገታው የጨቅላ ሕፃን የሚጥል በሽታ፦ ለአንጎል ቀዶ ሕክምና እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

አንድ ጨቅላ ለበሽታው የሚስማሙ ሁለት መድኃኒቶችን በበቂ መጠን ወስዶ መንቀጥቀጡ ካልቆመ፣ በሽታው መድኃኒት የማይገታው ተብሎ ይመደባል። ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ ይህን መለኪያ ያወጣው በ2010 ነው። ከዚያ በኋላ ሦስተኛና አራተኛ መድኃኒት የሚሠራበት ዕድል በጣም ስለሚጠብ፣ የቀዶ ሕክምና ምርመራ መጀመር ያለበት እዚህ ላይ ነው። የመድኃኒቱ ዝርዝር እስኪያልቅ መጠበቅ ልጁን ይጎዳል። ጨቅላነት አንጎል በየሳምንቱ አዲስ ነገር የሚማርበት ጊዜ ነውና፣ በየቀኑ የሚነሳ መንቀጥቀጥ ፈገግታውንና አንገት መያዙን ሳይቀር ሊነጥቀው ይችላል።

ከሁሉ በፊት መድኃኒቱ በትክክል መሰጠቱ ይጣራ። ክብደቱ 4 ኪሎ ለነበረ ልጅ ፌኖባርቢታል በኪሎ 5 ሚሊግራም ታስቦ በቀን 20 ሚሊግራም ታዘዘ እንበል። ልጁ 8 ኪሎ ሲሞላ ያው 20 ሚሊግራም በኪሎ 2.5 ብቻ ይሆናል። መጠኑ አነሰ እንጂ መድኃኒቱ አልተሸነፈም። ስለዚህ በየቀጠሮው ይመዘን፣ መጠኑም ይከለስ። ሽሮፑን በሻይ ማንኪያ ግምት አትስጡ፤ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ለኩ። ጸበል የምትወስዱት ከሆነ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ያስነሳል። ሐኪሙንም የቫይታሚን ቢ6 ሙከራ ተደርጎ እንደሆነ ጠይቁት። በዚህ ቫይታሚን ብቻ የሚቆም መንቀጥቀጥ ስላለ፣ ያ ሳይጣራ ወደ ቢላ አይኬድም።

ልጁ ሲነሳበት በስልክ ቅረጹት። ብርድ ልብሱን ግለጡ፣ መብራት አብሩ፣ ሁለቱ እጆችና ዓይኖቹ በአንድ ላይ ይታዩ። ዓይኑ ወደ የት እንደዞረ፣ የትኛው እጅ እንደቀደመ ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጥበታል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ቀረጻውን ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ክብሪት ለኩሶ ማሽተትም ትንፋሹን ከማወክ በቀር አይጠቅመውም።

በተለይ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ፣ ከእንቅልፍ ሲነቃ ጭንቅላቱን ወደ ፊት ደፋ አድርጎ እጆቹን ብድግ የሚያደርግ፣ በየጥቂት ሰከንዱም የሚደጋግም ልጅ ካለ፣ ቁርጠት ነው ወይም ደንግጦ ነው ብላችሁ አትለፉት። ይህ የጨቅላ እስፓዝም የሚባለው የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ኤሲቲኤች (በመርፌ የሚሰጥ ሆርሞን)፣ ከፍ ባለ መጠን የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን ወይም ቪጋባትሪን ነው፤ መሥራት አለመሥራቱም በ2 ሳምንት አካባቢ ይታወቃል። ካልሠራና ኤምአርአይው (በማግኔት የሚነሳው የአንጎል ምስል) አንድ የተበላሸ ቦታ ካሳየ፣ ኢኢጂው (የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ምርመራ) መላውን አንጎል የተናወጠ ቢያስመስልም ቀዶ ሕክምና ሊረዳው ይችላል። ‹‹ኢኢጂው ሁሉም ጋ ነው›› ተብለው ብቻ የሚመለሱ ወላጆች ይህን ነጥብ ያንሱ።

ገላው ላይም ምልክት ፈልጉ። ቅጠል የመሰሉ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ቱበረስ ስክለሮሲስን (አንጎልና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ላይ እብጠት የሚያበቅል የዘር በሽታ)፣ ግንባርና የዐይን ቆብ ላይ ያለ ወይን ጠጅ ቀለም ስተርጅ ዌበርን (የፊትና የአንጎል ደም ሥሮች ተዛብተው የሚፈጠሩበት በሽታ) ያስጠረጥራሉ። ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚይዝ ልጅ ቀኝ ወይም ግራ የመረጠ ሳይሆን፣ ሌላኛው እጁ የደከመበት ሊሆን ይችላል።

ምርመራው በዋናነት ሁለት ነው። ቪዲዮ ኢኢጂ የሚነሳበትን ሁኔታ ከአንጎሉ ሞገድ ጋር አብሮ ይቀርጻል፤ እንቅልፍንም ማካተት አለበት። ከዋዜማው ራሱን በሳሙና እጠቡት፤ ቅቤም ዘይትም አትቀቡት፣ ራሱ ላይ የሚለጠፈው የሞገድ መቅረጫ (ኤሌክትሮድ) አይይዝም። ለኤምአርአይ ማደንዘዣ ካስፈለገ ከእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ከፎርሙላ 6 ሰዓት መጾም የተለመደ ነው፤ ማደንዘዣ ሐኪሙ የሚለው ግን ይቅደም። ውጤቱን በፊልም ብቻ ሳይሆን በሲዲ ተቀበሉ። በዚህ ዕድሜ የአንጎሉ ነጭ ክፍል ገና ስለሚበስል፣ ስድስት ወር ሳይሞላው ይታይ የነበረ ጉድለት በኋላ ሊደበቅ፣ 2 ዓመት ካለፈው በኋላ ደግሞ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። የቆየውን ሲዲ አትጣሉ፤ ‹‹ንጹሕ ነው›› የተባለ ኤምአርአይም መጨረሻ አይደለም። ውጭ አገር ለማሳከም ያሰባችሁም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሲዲውን፣ ኢኢጂውን፣ ቪዲዮዎቹንና የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን ልካችሁ መልስ ጠብቁ።

መንቀጥቀጡ ከአንድ ትንሽ ቦታ የሚነሳ ከሆነ ያ ቦታ ተቆርጦ ይወጣል። የአንጎሉ አንድ ወገን በሙሉ የተበላሸ ከሆነ (ለምሳሌ ሄሚሜጋሌንሴፋሊ፣ ማለትም አንዱ ወገን ከልክ በላይ አድጎ ሲፈጠር) ሄሚስፌሮቶሚ ይደረጋል። ቀድሞ ግማሹ አንጎል ይወጣ ነበር፤ ቀዶ ሐኪሙ ክራይናው በ1950 ከደቡብ አፍሪካ የ12 ታካሚዎችን ውጤት ያሳተመው በዚያ ዘዴ ነው። ባዶ በቀረው ቦታ ከዓመታት በኋላ ደም መንጠባጠቡ ጉዳት ስላስከተለ፣ ዛሬ ግማሹ ከነደም ሥሩ በቦታው ይቀርና ከጤነኛው ወገንና ከሰውነት ጋር የሚያገናኙት መስመሮች ብቻ ይቆረጣሉ። አንድ መስመር ሳይቆረጥ ከቀረ መንቀጥቀጡ ይመለሳል፤ ሄሚሜጋሌንሴፋሊ ላይ የአንጎሉ ቅርጽ ስለተዛባ ይህ ስሕተት ይበዛል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙን ‹‹በጨቅላ ላይ ስንት ሠርተዋል?›› ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ትልቁ አደጋ ደም ነው። የጨቅላ ደም በኪሎ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ፣ 7 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ያለው ጠቅላላ ደም 560 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር ሲፈስ አንድ አምስተኛው ሊሄድ ምንም አይቀረውም። ከልጁ ደም ጋር መስማማቱ የተመረመረ ደም ክፍሉ ውስጥ ሳይቀመጥ ሥራው አይጀመርም። ቫልፕሮኤት የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ሊወርድና ደሙ ሊቀጥን ስለሚችል ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ብዙ ቡድኖች ከሳምንታት በፊት ይቀይሩታል። በራሳችሁ ግን አታቁሙት።

ከሄሚስፌሮቶሚ በኋላ የሚቀረውን ሳትሸሹ ተቀበሉ፦ የተቃራኒው እጅ ጣቶች ረቂቅ ሥራ አይመለስም፣ በዚያ በኩል ያለው የዕይታ ግማሽም ይጠፋል። አብዛኞቹ ልጆች ግን ይራመዳሉ፤ የግራው ወገን ቢቆረጥ እንኳ በጨቅላነት ንግግርን ቀኙ ሊረከበው ይችላል። ፊዚዮቴራፒው ቁስሉ እንዳገገመ ይጀመር፤ ምግብም መጫወቻም በሚያይበት ወገን አቅርቡለት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩሳት ይበዛል፤ አንጎል ዙሪያ የቀረው ደም የሚያመጣው ቢሆንም ኢንፌክሽን አለመሆኑ መመርመር አለበት። የአንጎል ውኃ መጠራቀም ደግሞ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይመጣል። እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ትውከት ከደጋገመው፣ ከልክ በላይ ከተኛ ወይም የራሱ ዙሪያ ቶሎ ቶሎ ካደገ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት፤ ውኃውን የሚያስተላልፍ ሸንት ሊያስፈልገው ይችላል። የራሱን ዙሪያ በሜትር ለኩና ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉት። መንቀጥቀጡ ቢቆምም መድኃኒቱ ለወራት ይቀጥላል፤ የሚቀነሰውም በሐኪሙ ትእዛዝ አንድ በአንድ ነው።