የፕራግን ኦርሎይ ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቼክ ዋና ከተማ በፕራግ፣ በድሮው ማዘጋጃ ቤት ግንብ ላይ የተገጠመው ሰዓት ኦርሎይ ይባላል። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1410 ነው። በየቀኑ ብዙ ሕዝብ ፊቱ ይቆማል፤ አብዛኛው ግን ሳያየው ይመለሳል።

የመጀመሪያው ስህተት ደወል መጠበቅ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ አስቀድሞ ከሰዓቱ ጎን የቆመው የዐፅም ምስል ገመዱን ይስባል፤ ከላይ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ተከፍተው 12ቱ ሐዋርያት ያልፋሉ፤ አውራ ዶሮው ይጮኻል። ትልቁ ደወል ሰዓቱን የሚመታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ደወል ሰምቶ ቀና የሚል ሰው የሚያየው የተዘጋ መስኮት ነው። ትርኢቱ ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ ይታያል፤ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የከተማው ሰው 9 እና 23 ይለዋል።

ዶሮው ከጮኸ በኋላ ሕዝቡ ይበተናል። አብሮ መሄድ ሁለተኛው ስህተት ነው፤ እኔን ከጠየቁኝ ደግሞ ትልቁ። ዋናው ነገር አሻንጉሊቶቹ ሳይሆኑ ገጹ ነው። የደቂቃ ቆጣሪ አይፈልጉበት፤ የለውም። በሮማውያን ቁጥር የተጻፈው ቀለበት አውሮፓ ዛሬ የሚጠቀምበትን ሰዓት ያሳያል። በውጭ በኩል ያለው ጥቁር ቀለበት የድሮ ቼኮች ሰዓት ነው፤ 24ቱን የሚቆጥረው ፀሐይ ከጠለቀችበት ጀምሮ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ይላል። በመካከል ያሉት ጎባጣ የወርቅ መስመሮች ደግሞ ቀኑን ፀሐይ ከወጣችበት ጀምሮ በ12 ይከፍሉታል። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም! ልዩነቱ የእነርሱ ሰዓት መለጠጡ ነው፤ በፕራግ የበጋ ቀን ወደ 16 ሰዓት ስለሚረዝም አንዱ ክፍል 80 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፣ በክረምት 40 ገደማ።

በገጹ ላይ መሬት መሐል ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ስትዞራት አይተውም በሠሪው አይሳቁ። መሬት ፀሐይን ትዞራለች ያለው ኮፐርኒከስ ገና አልተወለደም ነበር።

ሠሪው ሐኑሽ የሚባል ሰው ነው፣ ሌላ ከተማ እንዳያሠራው ሹማምንቱ ዓይኑን አጠፉት የሚለውን ታሪክም እንደ ተረት ይስሙት። የ1410 ሰነድ የሚጠራው የካዳኝ ከተማውን ሰዓት ሠሪ ሚኩላሽን ነው።

የሚታየው ሁሉ የ600 ዓመት ዕቃ አይምሰልዎ። ከታች ያለው የቀን መቁጠሪያ ሠዓሊው ዮሴፍ ማኔስ በ1866 የሠራው ሥዕል ቅጂ ነው። ሐዋርያቱም በግንቦት 1945 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እሳት ስለተቃጠሉ በእንጨት እንደገና የተቀረጹ ናቸው፤ ሰዓቱ ተጠግኖ መዞር የጀመረው በ1948 ነው።