በእርድ አንጎልን ከአልኮል ማዳን? የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አራት ኪሎ ወይም ስታዲየም አካባቢ ጃምቦ ይዞ የተቀመጠ ሰው ስለ እርድ ሲያወራ ብትሰሙ አይግረማችሁ። «ማታ በወተት ጠጣው፣ አልኮሉ አንጎልህን አይነካህም» ይላል። ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ችግሩ አረዳዳችን ላይ ነው።

1. የአይጥን ውጤት ለራስ መውሰድ
በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሚባል ንጥረ ነገርም ሆነ በቀይ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ኬርሴቲን የሚባለው አልኮል በተሰጣቸው አይጦች አንጎል ላይ ጉዳቱን ሲቀንሱ ታይተዋል። በሰው ላይ ግን ይህ አልተረጋገጠም። ኩርኩሚን ሲበላ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። ቁንዶ በርበሬ ያግዘዋል። ቢሆንም አልጫ ላይ የምትነሰንሷት ቁንጥር ለአይጦቹ ከተሰጠው ጋር አትወዳደርም።

2. «ቀይ ወይን እኮ ለጤና ነው»
ለጤና ይጠቅማል የሚባለው ሬስቬራትሮል የተባለው የወይን ፍሬ ንጥረ ነገር በወይን ጠጁ ውስጥ ኢምንት ነው፤ አልኮሉ ያው አልኮል ነው። ካማራችሁ ፍሬውን ብሉ።

3. ቫይታሚን ቢ1ን መርሳት
ስለ ቅመም ስናወራ ዋናውን እንዘነጋለን። የአንጎል ሴል ከስኳር ጉልበት ለማውጣት ቢ1 ያስፈልገዋል። አልኮል ደግሞ ቫይታሚኑ ከአንጀት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። በዚያ ላይ ብዙ ጠጪ እህል አይቀምስም፤ አምሽቶ ይገባል፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይተኛል። ምስር፣ ባቄላና ሽሮ ቢ1 አላቸው፤ ቤት ውስጥ ጠጪ ካለ ከእርዱ በፊት እራቱን አስቡለት።
እጥረቱ ሲከፋ ሰውዬው ይንገዳገዳል፣ ነገር ይምታታበታል፣ የዓይኑ እንቅስቃሴ ይዛባል። ቤተሰብ «ሰክሮ ነው፣ ሲነጋ ይለቀዋል» ይላል። በጣም አደገኛው ስህተት ይሄ ነው፤ ሕክምናው ከዘገየ የማስታወስ ችሎታው ላይመለስ ይችላል። እዚህ ደረጃ ላይ ሽሮ አያድነውም። ሆስፒታል ሄዶ ቢ1 በመርፌ መውሰድ አለበት።

4. በቡና ስካርን ማባረር
ቡና እንቅልፍ ያባርራል እንጂ ስካር አያበርድም። የመኪና ቁልፉን አትስጡት።

5. በአንዴ መተው
ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ጾም ሲገባ ድንገት ሊያቆም ይችላል። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው፤ አካሉ ግን ለምዶታል። መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ወይም የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል። ሊገድልም ይችላል። ጥቁር አዝሙድ በማር እየሰጡ መጠበቅ አይሆንም፤ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ማማከር ይሻላል። አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው፤ ምልክቱ ከጀመረ ደግሞ ወደ ቅርቡ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ሐኪሙ ሲጠይቅ «ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል» ብላችሁ አትሸፋፍኑለት። በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጣና መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ በግልጽ ንገሩት።